ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በቤት ውስጥ ሊያግዙት ስለሚገባቸው ሥራ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ደግሞ በእያንዳንዳችን ጓዳና ጓሮ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ አገራችን ዕፀዋት ያላቸው ዕውቀት ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በምንኖርበት በድሬዳዋ ከተማ፥ በመጋላ፥ በጎረቤታችን ቤት የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምረን እንነግራችኋለን።

ድሬዳዋን ያላየ አንባቢ ቢኖር፥ ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ መካከሏን ሰንጥቆ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንደኛው ወገን የባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ፥ በሌላው ወገን የእኛ መጋላ ይገኛል። መጋላ ማለት በኦሮሞና በሶማሌ ቋንቋ ከተማ ወይም ገበያ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል፤ ስመ ጥሩው የቀፊራ ገበያ የሚውለው በዚሁ በመጋላ በኩል ነውና።

በቀፊራ ገበያ ቅጠልና ሥር፥ ሙጫና ቅርፊት ይዘው ከሚቀመጡት እናቶች ዘንድ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ትምህርት ቤት የገባ ያህል ይማራል። ከደጋው የመጣ ጤና አዳም አለ፤ ከቆላው የመጣ ከርቤና ዕጣን አለ። አማራው ሬት የሚለውን ኦሮሞው ሀርጊሳ፥ ሶማሌው ደዓር ይለዋል። ኮሶ በኦሮሞ ሄጦ ነው፤ ወይራም ኤጄርሳ ነው፤ ከርቤንም ሶማሌው መልመል ብሎ ይጠራዋል። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ ሲፈጭ የሶማሌ እናቶች ቀሲል ይሉታል፤ በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ አውጥቶ ፀጉርንና ፊትን ያጠራል። ሻጭዋ በአንድ ቋንቋ ትናገራለች፤ ገዢዋ በሌላ ትመልሳለች፤ ቅጠሉ ግን ሁለቱንም ያግባባቸዋል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። ከእኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑ አንዲት አሮጊት እናት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» እያለ ይጠራቸዋል። ልጅ ሆዱን የታመመ፥ ጎልማሳም ቁርጥማት የያዘው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚታየው የእማማ ደጅ ነው። ከልጃቸው የተወለደው የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱን እንዳመመው ተናግሮ ተኛ፤ ማታም ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ። እማማ «ምች መቶት ነው» አሉ። ዳማ ከሴ በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን በቡና አጠጡት፤ የቀረውንም ሰውነቱን ቀቡት። ልጁ ሲያልበው አደረና ጧት ተሻለው፤ ቤቱም ደስ አለው። በማግሥቱ ማታ ግን ብርድ ብርድ አለው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ዳግመኛም ጋለ። እማማም ዳግመኛ ዳማ ከሴ ሰጡ። በሦስተኛው ሌሊት ልጁ የሚናገረውን አያውቅም ነበር።

ያን ጊዜ አባቱ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። ልጁን ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ደሙም ቢመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። መርፌ ተወጋ፤ ሲነቃም ለሦስት ቀን የሚዋጥ ክኒን ተሰጠው። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዛሬም በደጃችን ኳስ ሲጫወት እናየዋለን። ሐኪሙ ግን አባቱን ለብቻው ጠርቶ፥ አንድ ቀን ጨምረው ቢዘገዩ ኖሮ ልጁ ላይተርፍ ይችል እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ነገረው።

በከተማችን ትኩሳት ብዙ ዐይነት መሆኑን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊያውቅ ይገባዋል። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው በሽታ ድሬዳዋን አስጨንቆ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ቺኩንጉንያ ሰውን እያጐበጠ አስተኝቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወራት ወባ በከተማው ተነሣ። ለዚህም ምክንያቱ ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ረግረግ ሳትፈልግ በየቤታችን ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ገንዳ ትራባለች። እንግዲህ ምችን ከወባ፥ ወባን ከደንጊ በመዳፍ ዳስሶ ማን ይለየዋል? ደም ተመርምሮ ካልሆነ በቀር አይለይም።

ልጁ በዳነ በሳምንቱ እማማን ልንጠይቅ ገባን። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በየጨርቁ የቋጠሩትን ቅጠልና ሥር ሁሉ በፊታቸው ከምረውታል። «የኔታ፥ ይህን ወስደው ደቻቱ ላይ ይጣሉልኝ» አሉን። «ምነው እማማ?» ብንላቸው፥ «የገዛ ልጄን ልገድል ነበር እኮ! እናቴ ያስተማረችኝ ሁሉ ለካ ከንቱ ነው፤ የሐኪሙ ክኒን በሦስት ቀን አዳነው» ብለው ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እኛም «እማማ፥ ያ ክኒን ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ከምን ነው?»

«ከቅጠል ነው።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩን፤ እንደምንቀልድባቸው መሰላቸው። እኛ ግን አልቀለድንም። ለልጁ የተሰጠው መርፌና ክኒኑ ካሉበት መድኃኒቶች አንዱ የሚገኙት ከእኛ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር በወገን አንድ ከሆነ የቻይና ዕፅ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው። ጌ ሆንግ የሚባል የቻይና ሊቅ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ መድኃኒት በጻፈው መጽሐፍ፥ ይህ ቅጠል ለትኩሳት እንደሚሆን፥ ሲዘጋጅም በውኃ ተዘፍዝፎ ጭማቂው ተጨምቆ እንደሚጠጣ አመልክቶ ነበር። ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ ቱ ዩዩ የሚባሉ ቻይናዊት ተመራማሪ የወባ መድኃኒት ፍለጋ የቀድሞዎቹን መጻሕፍት መረመሩ። ቅጠሉን በእሳት ኃይል ሲያዘጋጁት ኃይሉ እየጠፋ አስቸግሯቸው ነበር። የቀድሞው ሊቅ ስለ መዘፍዘፍና ስለ መጭመቅ እንጂ ስለ ማፍላት አለመጻፉን ባስተዋሉ ጊዜ ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ያለ ብርቱ ሙቀት ለማውጣት ሞከሩ፤ ተሳካላቸውም። በ2015 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አገራችንም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚህ ዕፅ በሚገኝ መድኃኒት ወባን ታክማለች።

አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል! የመጋላውን ልጅ ያዳነው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ጽሕፈቱም ነው። ያ ሊቅ የቅጠሉን ስምና የሚፈውሰውን ሕመም ብቻ ጽፎ አሠራሩን ቢደብቅ ኖሮ፥ ወይም ሁሉንም ለአንድ ልጁ በጆሮው ነግሮ ቢሞት ኖሮ፥ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። የእኛስ እንዴት ሆነ? ከራሳችን የደረሰውን አንድ ነገር እንናገር።

በልጅነታችን በሰሜን አገር በቆሎ ተማሪነት ሳለን፥ ቅኔ ያስተማሩን መሪጌታ በመድኃኒት የታወቁ ነበሩ። ፀሐይ ሳትወጣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ወደ ዱር ይወርዳሉ፤ እኛም አገልግል ይዘን እንከተላቸዋለን። ሥሩን ሲቈፍሩ ግን ፊታችንን እንድናዞር ያዙናል፤ ከዚያም በኩታቸው ሸፍነው ይመለሳሉ። የበሰበሰ ቍስል ሲደርቅ፥ የጫጨ ሕፃን ሲያገግም በዐይናችን አይተናል። «የኔታ፥ ይህ ምንድን ነው?» ስንላቸው፥ «ጊዜው ሲደርስ» ይሉን ነበር። መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል የሚለው የቀድሞዎቹ ልማድ ስለ ያዛቸው እንጂ ንፍገት ኖሮባቸው አልነበረም። ጊዜው ሳይደርስ ግን እርሳቸው በድንገት ዐረፉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቤተ ሰባቸው መድኃኒት የጻፉበትን የብራና ደብተር ለእኛ ሰጡን። እኛም እንደ ወርቅ ቈጥረን ተቀበልን። ደብተሩ ስለ ቍስል የሚናገርበትን ገጽ ገልጠን የዕፁን ስም አገኘን፤ ስሙን ይዘን ዕፁን ፍለጋ ሦስት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድን። አንደኛው ቍጥቋጦ አሳዩን፤ ሁለተኛው ሐረግ ነው አሉን፤ ሦስተኛው በመስክ የሚበቅል ሣር መሆኑን ማሉልን። እነሆ ደብተሩ ዛሬም በሣጥናችን አለ፤ ስሙም አልጠፋም፤ የጠፋው ዕፁ ነው። የተቈለፈ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ቍልፉ በሟች ኪስ እንደ ተቀበረ መስማት ማለት ይህ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ለማወቅ የስቴፋን ስትሬልሲንን ድካም መመልከት ይበቃል። ይህ ፖላንዳዊ ሊቅ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የኢትዮጵያ የመድኃኒት መጻሕፍት እየመረመረ፥ አንደኛውን ቅጽ በ1968 እ.ኤ.አ. በዋርሶ፥ ሁለተኛውንም በ1973 እ.ኤ.አ. በናፖሊ አሳትሟል። የዕፀዋቱን ስም ከዕፁ ጋር ማገናኘት ከባድ ሥራ ነው፤ አንድ ስም በጎጃም አንዱን፥ በትግራይ ሌላውን ዕፅ ሊያመለክት ይችላልና። የዕፀዋት ሊቃውንትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በሙሉ ለመመዝገብ በ1980 እ.ኤ.አ. ጀምረው በ2009 እ.ኤ.አ. ፈጽመዋል። በዚያ መዝገብ ስድስት ሺህ ገደማ ዐይነት ዕፀዋት ይገኛሉ፤ ከነዚህም ከዐሥር አንዱ ያህል ከእኛ ምድር በቀር በሌላ አይበቅልም። መዝገቡ የዕፁን መልክ ይነግረናል፤ በምን ሕመም እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቁት ግን እማማና እንደ እማማ ያሉት ናቸው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ለዓለም እንደሚተርፍ የእንዶድ ታሪክ ይመሰክራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ስለ ቢልሐርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በውኃው ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ ነገሩን ችላ አላሉትም፤ መርምረውም የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ያቋቋሙት የምርምር ተቋምም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የነገሩ መነሻ ግን የእናቶች ልብስ ማጠቢያ ነበር።

በእንዶድ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ ቀሲልንም የሚያስነጥበው ይኸው ዐይነት ነገር ነው። እጅግ ሩቅ በሆነ አገር፥ በአሜሪካ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚኖሩት ራሳቸውን ዲኔ የሚሉት የናቫሆ ሕዝብም ዩካ የሚባለውን የበረሃ ዕፅ ሥር ቀጥቅጠው በአረፋው ፀጉራቸውን ይታጠባሉ፤ ይልቁንም ከሥርዐታቸው በፊት በዚሁ መታጠብ ልማዳቸው ነው። ዕፅ ሲለቅሙም ዝም ብለው አይነቅሉም፤ ጸሎት አድርሰው ስጦታ አስቀምጠው ነው። ሐታሊ የሚባሉት ባለ መድኃኒቶቻቸውም እንደ እኛ የዜማ ተማሪ ብዙ ዓመት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ቃሉን በልብ ያጠናሉ። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ዕውቀቱ እንዳይጠፋ ሠግተው በ1968 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በዚያም የአባቶቻቸው ቋንቋና ልማድ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ይሰጣል። የእኛም ዘመድ የሌለን ሕዝብ ከእኛ ጋር አንድ ችግር ኖሮበት መላ መፈለጉ ሊያነቃን ይገባል።

በአገራችን ይህን ዕውቀት የሚጐዱት ሁለት ጠባዮች ናቸው። የመጀመሪያው ንቀት ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች መካከል «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ንጉሡን ለማዋረድ የሞከሩ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ኮሶ መሸጥ ለምን ስድብ ሆነ? በዚያ ዘመን ጌታውም ሎሌውም ጥሬ ሥጋ በልቶ ትል ሲያስቸግረው፥ ኮሶ ጠጥቶ ከቤት ሳይወጣ ይውል ነበር። ኤውሮፓውያንም ዋጋውን አውቀዋል፤ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ኮሶ ቍስጥንጥንያ ሳለ የተረዳውን ጽፎ ካሳወቀ በኋላ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ኮሶ እያስመጡ ይሸጡ ነበር። እኛ በሰደብንበት ነገር ሌላው ተፈወሰበት። ዛሬም ትምህርት የቀመሰ ልጅ እናቱ ጤና አዳም ስትቈርጥ ባየ ጊዜ የሚያፍርባት ከሆነ፥ ያ የቀድሞው ስድብ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ሳያመዛዝኑ ማመን ነው። «ቅጠል ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኮሶ ከልክ ካለፈ መርዝ ነው፤ የሰውን ዐይን እስከ ማጥፋት ደርሶ ያውቃል፤ ነፍሰ ጡር ሴት የጠጣችው እንደ ሆነም ለሕይወቷና ለፅንሷ ያሠጋል። ስለ ትል ዛሬ ልኩ የታወቀ ክኒን ስላለ ኮሶ ለመጠጣት የሚያስገድደን ነገር የለም። የወይራ ጢስ የወተት ዕቃችንን ሽታ ከማሳመሩ በላይ ወተት የሚያበላሹትን ተሐዋስያን እንደሚቀንስ ተመርምሮ ታውቋል፤ የጥንጁት ጢስም ትንኝን እንደሚያርቅ እንዲሁ። ነገር ግን ጥንጁት አጢሰናል ብለን አጐበር ብንተው፥ በርሜላችንንም ሳንከድን ብናድር፥ ጥፋቱ የጥንጁት አይደለም፤ የእኛ ነው። ዳማ ከሴም የእማማን የልጅ ልጅ አልጐዳውም፤ የጐዳው የሦስት ቀን መዘግየት ነው።

የሐኪምንና የዕፅን ነገር እንደ ጠላት የሚያይ ክርስቲያን ቢኖር የሲራክን 38ኛ ምዕራፍ ይመልከት፤ ሐኪሙንም እንድናከብር፥ ከምድር የበቀለውንም መድኃኒት እንዳንንቅ በአንድነት ይመክረናልና። ንጉሥ ሕዝቅያስም ታሞ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶለት ሳለ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ ዕፁን አላስቀረም፤ ዕፁም ጸሎቱን አልተካም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ደብተር ይግዛ። በዚያም ደብተር የአያቶቹን ዕውቀት የሚጽፈው በቤቱ ካሉት ልጆች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ይሁን። ሲጽፍም የሚከተለውን ሥርዐት ይጠብቅ።

አንደኛ፥ የዕፁን ስም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት በሚጠራበት ቋንቋ ሁሉ ይጻፍ፤ በኦሮሞ፥ በሶማሌ፥ በሐረሪ፥ በትግርኛም ቢሆን።

ሁለተኛ፥ ስም ያታልላልና ዕፁ ራሱ ይቀመጥ። ቅጠሉና አበባው ያለበት አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተደርጎ ከባድ ነገር ይጫንበት፤ ሲደርቅም የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፍበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት መዘክር፥ ለእኛም ለምሥራቆቹ ቅርብ የሆነው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ እንዲህ ደርቆ የተያዘ ዕፅ እየመረመሩ የሚለዩ ሊቃውንት አሏቸው። የመሪጌታችን ደብተር የጐደለው ይህ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ነበር።

ሦስተኛ፥ ከዕፁ የሚፈለገው ሥሩ፥ ቅጠሉ፥ ፍሬው ወይስ ቅርፊቱ መሆኑ፤ በየትኛው ወራት እንደሚለቀም፤ ይፈላል ወይስ ይዘፈዘፋል፤ ስንት እፍኝ በስንት ሲኒ ውኃ የሚለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይጻፍ። የቻይናውን ቅጠል ያዳነው ይህ ነው።

አራተኛ፥ ለማን እንደማይሰጥ ይጻፍ፤ ነፍሰ ጡር፥ የሚያጠባ እናት፥ ሕፃን፥ ሌላ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሕመምተኛ በየስማቸው ይጠቀሱ። ሰው የጐዳበት ጊዜ ከነበረም ሳይሸሸግ ይጻፍ፤ የዳነበትን ብቻ የሚጽፍ ደብተር ግማሽ ደብተር ነውና።

አምስተኛ፥ በየገጹ ግርጌ «ሕመምተኛው ይህ ምልክት ከታየበት ወደ ሐኪም ቤት» የሚል ቃል አይጕደል። በድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች ትኩሳት በዚያው ቀን ደም ማስመርመርን የሚጠይቅ ሕመም መሆኑ ከሁሉ በላይ ይጻፍ። ወደ ሐኪም ቤት በሄዱም ጊዜ በቤት ምን ተጠጥቶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ መንገር ነውር አይደለም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

«የጻፍነውን ሌላ ሰው ቢሰርቀንስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፥ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ አንድ ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንደሚገድል ተረድቶ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦበት ነበር፤ እንዶድን ከጥንት ለይተው ያወቁት የእናቶቻችን ስም ግን በዚያ መዝገብ አልገባም። ይሁን እንጂ ይህን መሰል ነገር እንዳይደገም አገራችን በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 482ን አውጥታለች፤ በዚህም አዋጅ ሕዝብ በዕፀዋቱና ስለ ዕፀዋቱ ባለው ዕውቀት ላይ ያለው መብት ታውቋል። ዕውቀቱ የእኛ መሆኑን ለማስረዳት ግን የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። በመቃብር ውስጥ ላለ ዕውቀት የሚከራከር ጠበቃ የለም።

ዕፁም እንዳይጠፋ እንጠንቀቅ። ሥሩ የሚፈለግ ዕፅ ሲነቀል ሌላ ካልተተከለ ያልቃል። ኮሶ ለሳንቃ ሲባል እየተቈረጠ ከብዙ ደጋ ተመናምኗል። በብዙ አገር የቀረው የቀድሞ ደን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናያለን፤ ያ ቅጥር የተቀበሩት አባቶች ማረፊያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የእነርሱ መድኃኒት መደብርም ነውና እንጠብቀው።

ወደ እማማ ልመለስና ልፈጽም። የዚያን ዕለት የቻይናዊቷን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ከተከመረው ጨርቅ አንዱን ብድግ አድርገው ፈቱና ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። «ነይ፥ አንቺ ልጅ፥ እርሳስሽን ይዘሽ ቅረቢ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጎረቤታችን ቤት ይጻፋል። እስከ አሁን ሃያ ሦስት ዕፅ ተጽፏል፤ ሃያ ሦስት ቅርንጫፍም በጋዜጣ መካከል ደርቋል። ዳማ ከሴ በተጻፈበት ገጽ ግርጌ ልጅቱ ጽፋ ያበቃች መስሏት እርሳሷን ስታስቀምጥ፥ እማማ «ገና ነው» አሏት፤ የወንድሟን ሕመምና የሦስቱን ቀን መዘግየት በሙሉ ከራሳቸው አፍ አስጻፏት። በመጨረሻም «ስሜንም ጻፊበት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ግን እንዳያጠፋ» አሉ።

እኛም ከሣጥናችን የመሪጌታን ብራና አውጥተን ከዚያ ደብተር አጠገብ አስቀመጥነው። ብራናው እጅግ ያማረ ጽሕፈት አለው፤ የልጅቱ ጽሕፈት ገና የልጅ ነው። ቍስል ለመድረቅ ግን ዛሬ የሚረዳን የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ የአያቶቻችሁ እሑዶችም የተቈጠሩ ናቸው። ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ሳትውሉ ሳታድሩ ደብተር ግዙ። ለዛሬው በዚህ ይብቃን፤ እግዚአብሔር የፈቀደ እንደ ሆነ በሚመጣው ወር እንገናኛለን። ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።